የምድጃው ውል በሲያትል ችሎት

ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ በገዛ እጄ የጻፍሁት የአንድ ገጽ ተኩል ውል ነው። ኋላ ችሎት ፊት ቆሜ የጽሑፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ስጠየቅ ያለ ማመንታት «እኔ ነኝ» ብያለሁና፣ እዚህም ላይ በዚያው ቃሌ እጸናለሁ።

ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነበር። ሲያትል ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤአለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ በፍርድ ቤት የንግድ ችሎት መዝገብ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት አገልግያለሁ፤ በመጨረሻም ሬጅስትራር ነበርሁ። ሲያትል ውስጥ ደግሞ መሐል ከተማ በሚገኝ አንድ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት የባለጉዳዮችን መኪና እየተረከብሁ ፓርክ አደርግ ነበር። ሁለቱም ሥራዎች ከሰው የተረከቡትን ነገር ቁጥር ሰጥቶ፣ ቦታ አስይዞ፣ በተጠየቁ ጊዜ ሳያጓድሉ መመለስ ስለሆኑ ለውጡ ሰዎች እንደሚገምቱት አልከበደኝም። እሑድ እሑድ ግን የቀድሞ ሙያዬ ይፈልገኝ ነበር። ደብዳቤ፣ ውክልና ወይም የኪራይ ውል የሚያስፈልገው የአገሬ ሰው ሁሉ በሴንትራል ዲስትሪክት፣ ከቼሪ ጎዳና ወረድ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ሱቅ ይመጣል፤ እኔም በሱቋ ጓዳ፣ በሩዝና በምስር ከረጢቶች መካከል በተቀመጠች ጠረጴዛ ላይ እጽፍለታለሁ። ክፍያ አልቀበልም ነበር።

የሱቋ ባለቤት አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ኤርትራዊ ነው፤ ሳቅ ከፊቱ የማይጠፋ፣ ሐሳቡ ከአቅሙ ቀድሞ የሚሮጥ ሰው። በጓዳው ውስጥ የተተከለው የዳቦ ምድጃ ግን የእሱ አልነበረም። የምድጃው ባለቤት ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው የወሎ ሙስሊም ሴት ነበሩ። እትዬ ቢሮ እያጸዱ ባጠራቀሙት ገንዘብ የአንድ የተዘጋ ፒዛ ቤት ምድጃ ገዙ። ምድጃው ግን ስካይዌይ በሚባል ሰፈር በተከራዩት ቤት በር አልገባ አለ። ስለዚህ ከባለሱቁ ጋር ተስማሙ። ምድጃው ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጠዋት ጠዋት እትዬ የራሳቸውን ዳቦ ይጋግሩበታል፤ ከሰዓት በኋላ ባለሱቁ ይጠቀምበታል፤ ባለቤትነቱ ግን ምንጊዜም የእትዬ ነው።

«ወንድሜን አምነዋለሁ» አሉኝ እትዬ፣ ባለሱቁ አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ። «በምድጃዬ ግን እናቴንም አላምን። ይጻፉልኝ።»

ጻፍሁ። ቀኑ እሑድ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ያሰፈርሁትም ይህንኑ ነው። በአገራችን ደንብ ውል ከመፈረሙ በፊት በተዋዋዮቹና በምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። እትዬ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ደንቡን ከማንም በላይ አጥብቀው ያዙት። አንድ ጊዜ አነበብሁ፤ «ይድገሙልኝ» አሉ። ደገምሁ፤ «ይሠልሱልኝ» አሉ። ሠለስሁ። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ አዲስ አበባ እያለሁ በእጄ ባለፉት ውሎች ሁሉ እንደነበረው፣ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና መሆኑን፣ ውሉን ያፈረሰ ወገንም ለመንግሥት አምስት መቶ ገደብ፣ ማለትም መቀጫ፣ እንደሚከፍል ጽፌአለሁ። ለአሜሪካ ምድር ያደረግሁት ማሻሻያ አንድ ብቻ ነበር፤ «ብር» የሚለውን «ዶላር» አልሁት። እኔና ሁለቱ ተዋዋዮች ከሦስቱ ምስክሮች ጋር ስድስት ሰዎች ነበርን፤ ነገሩ አንዳችንንም አልገረመንም። እንዲያውም አንደኛው ምስክር ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «የመንግሥት ገደብ አልተረሳም አይደል?» ብሎ ጠይቆ፣ አለመረሳቱን ካረጋገጠ በኋላ ነው የፈረመው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ውሉን ያስታወሰው ሰው አልነበረም። ዳቦው ስለተወደደ እትዬ የጽዳት ሥራቸውን ትተው በምድጃቸው ብቻ መተዳደር ጀመሩ። ባለሱቁም በዚህ ተበረታትቶ ሬንተን ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ፋብሪካው አጠገብ ሁለተኛ ሱቅ ከፈተ። ያቺ ሱቅ በስድስት ወር ውስጥ የመጀመሪያይቱንም ይዛት ወደቀች፤ ባለሱቁ መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። በአገሩ ሕግ አንድ ነጋዴ ሲከስር ንብረቱን ሰብስቦ፣ ሸጦ፣ ለባለገንዘቦች የሚያከፋፍል ንብረት ጠባቂ ይሾማል። የተሾመው ንብረት ጠባቂም በሱቋ ውስጥ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ መዘገበ። ምድጃውንም አብሮ መዘገበው።

እትዬ እኔ ወደምሠራበት ምድር ቤት መጡ። ከአውቶቡስ ወርደው ቁልቁለቱን በሩጫ ስለወረዱት ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኋቸው።

«ጌታው፣ ምድጃዬን አሠሩብኝ!»

«ማን ነው ያሠረው?»

«መንግሥት ነዋ! ያ አምስት መቶ ዶላር የጻፉለት።»

በዚህ ጊዜ አንድ አዛውንት ጠበቃ መኪናቸው እንዲወጣላቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር። በሕንፃው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ የነበራቸው፣ በኪሳራና በነጋዴዎች ክርክር ብቻ የሚሠሩ አሜሪካዊ ናቸው። የአሮጌ መኪናቸው የኋላ ማርሽ ከእኔ በቀር ለማንም አይገባም ነበርና በደንብ እንተዋወቅ ነበር። የእትዬን እጅ መወናጨፍ አይተው «ማን ሞተባቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ማንም አልሞተም። የዳቦ ምድጃ ነው» ብዬ ነገሩን ባጭሩ ገለጽሁላቸው።

አዛውንቱ የመኪናቸውን ቁልፍ መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። «እንግዲያው መኪናው ባለበት ይቆይ። ውሉን ይዛችሁ ስድስተኛ ፎቅ ኑ።»

የቢሯቸውን ነገር ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ባለጉዳይ የሚቀመጠው ከአንድ ከከሰረ ፀጉር አስተካካይ በመጣ ወንበር ላይ ነበር። መጻሕፍቱ የተደረደሩት በጫማ መደብር መደርደሪያ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ የሚበራው ፋኖስም የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ፋኖስ ነበር። ሁሉም ከደንበኞች በክፍያ ምትክ የተገኙ ናቸው። «ደንበኞቼ ገንዘብ ቢኖራቸው ኖሮ ደንበኞቼ አይሆኑም ነበር» ይሉ ነበር አዛውንቱ፣ ሲናገሩትም ደስታቸው ከልብ ነው። እትዬን በክብር በፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ካስቀመጧቸው በኋላ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ አድርገው ከፍ አደረጓቸው።

«ኧረ አውርደኝ በሉት!» ብለው ጮኹ እትዬ። «ሊላጨኝ ነው እንዴ ሰውየው?»

የክፍያው ነገር በአምስት ደቂቃ አለቀ፤ ምድጃው ከተመለሰ በየጁምዓው አንድ ትልቅ ዳቦ። አዛውንቱ ይህንን በቢጫ ወረቀት ላይ ጽፈው ፈረሙበት። ከዚያ ስለ ሙያቸው የመጀመሪያውን ትምህርት ሰጡኝ። «በከሰረ ቤት ውስጥ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ዕቃ የማን ነው? ምድጃው የባለሱቁ ከሆነ ይሸጣል። የእሳቸው ከሆነ ግን ንብረት ጠባቂው ጣቱን አያሳርፍበትም። ይህን የሚነግረን ያ ወረቀት ነውና ይተርጉሙልኝ።»

በሁለት ቀን ተርጉሜ አቀረብሁ። አዛውንቱ አነበቡ፤ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እነዚህ ቁጥሮች ምንድን ናቸው?»

«የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጾች ናቸው።»

«የየትኛው አገር?»

«የኢትዮጵያ።»

«ሲያትል ውስጥ ላለ ምድጃ?»

«አዎን።»

«ለምን?»

ብዙ አሰብሁ። «ያለ እነሱ ውል አይመስልም» አልኋቸው።

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ግንባራቸው ተኮሳተረ። ያሳሰባቸው ነገር ከሳምንት በኋላ ንብረት ጠባቂው በቀጠረው ወጣት ጠበቃ ማመልከቻ ላይ ተዘርዝሮ መጣ። ወረቀቱ የተጻፈው በ1977 ነው ይላል፤ በዚያ ዓመት ከተዋዋዮቹ አንዳቸውም አሜሪካን አልረገጡም። ወረቀቱ የሚጠቅሰው የሌላ አገር ሕግ ነው። ወረቀቱን የጻፈውና የተረጎመው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከኪሳራው በኋላ ምድጃውን ለማሸሽ የተፈበረከ ነው።

አሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ስጠብቅ በእኔ ላይ የቀረበ አንድም የቅሬታ ማመልከቻ አልነበረም። ያን ዕለት ምሳዬን መብላት አልቻልሁም። እትዬ ግን ከምድጃቸው ሌላ የሚያሳስባቸው ነገር አልነበረም፤ እንደገና ባልዲ ይዘው ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀምረው ነበር።

ሦስቱ የውል ምስክሮች ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ግዛት ሄደው ስለነበር አልተገኙም። ባለሱቁ ሊመሰክርላቸው ፈቃደኛ ነበር፤ ችግሩ የከሰረ ሰው ስለራሱ ንብረት የሚሰጠው ቃል ብዙም አለመታመኑ ነው። ማክሰኞ፣ ጉዳዩ በሚሰማበት ጠዋት በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ሁለቱን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸው።

«ኦኬ፣ እትዬ፣ ሶ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል ባለሱቁ። «ኮል አድርጌላቸው የሳቸው ነው ብያቸዋለሁ፤ አያምኑኝም።»

«እንዴት ይመኑህ? አውሮፕላን የሚሠራ ፈረንጅ ሁሉ ምሳውን ሽሮ ይበላል ብለህ ሱቅ የከፈትህ ሰው!»

«ሁለቱ ይበሉ ነበር እኮ።»

«ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አንደኛው የኛው ሰው ነው።»

ባለሱቁ ከት ብሎ ሳቀ። እትዬም ከቦርሳቸው ቴምር አውጥተው አካፈሉት። ከሳሽና ተከሳሽ ሲናቆሩ ማየት ለለመደ የችሎት ሠራተኛ ይህ ትዕይንት የሚያስደስት ነበር።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያሳርፉ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሴት ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ያቀረባት አስተርጓሚ አማርኛዋ የትግርኛ ቃና ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በመጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። አዛውንቱ ጠበቃ የዘመን አቆጣጠራችንን አስረዱልኝ አሉ፤ አስረዳሁ። ዳኛዋ ለማረጋገጥ ወደ አስተርጓሚዋ ዞረው ዛሬ በኢትዮጵያ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቋት።

«መስከረም ሃያ አምስት ቀን፣ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ» አለች ልጅቱ፣ ለአፍታ እንኳ ሳታስብ።

ወጣቱ ጠበቃ ከወረቀቱ ላይ አንደኛውን ነጥብ ሲሰርዝ አየሁ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ።

«ለሲያትል ምድጃ የኢትዮጵያን ሕግ የጠቀሱት ለምንድን ነው?»

«ልማድ ነው።»

«አምስት መቶው ዶላር ለየትኛው መንግሥት ሊከፈል ነው?»

መሐላ ላይ ነበርሁ። «አላሰብሁበትም» አልሁ።

«አሥራ ስምንት ዓመት ሬጅስትራር ነበርሁ ብለዋል?»

«ነበርሁ።»

«እና አላሰቡበትም።» ይህንን ብሎ ተቀመጠ፤ እኔም ወረድሁ።

ቀጥሎ እትዬ ተጠሩ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ። ወጣቱ ጠበቃ የውሉን ዋና ቅጂ አቀረበላቸው።

«ይህን ማንበብ ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ምን እንደሚል በምን ያውቃሉ?»

«ተነቦልኛላ።»

«ከሁለት ዓመት በፊት?»

«ሦስት ጊዜ።»

ወጣቱ ጠበቃ ፈገግ ብሎ ወደ ዳኛዋ ዞረ፤ በቂ ነው ማለቱ ነበር። ዳኛዋ ግን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «የሚያስታውሱትን ያህል ይንገሩኝ» አሉ።

እትዬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ተቀምጠው መናገር ይችላሉ ቢባሉም «ውል ተቀምጠው አይሉትም» ብለው ቆሙ። ከዚያም የአባታቸውን ስም እስከ አያት ጠርተው፣ «ውል ሰጪ» ብለው ጀመሩ። እኔ በጓዳው ውስጥ ያነበብሁትን በእኔው አነባበብ፣ ነጠላ ሰረዝ ባለበት ትንፋሽ እየወሰዱ፣ አራት ነጥብ ባለበት እያረፉ ወረዱት። አስተርጓሚዋ እየተከተለች ትናገራለች፤ ዳኛዋ በእንግሊዝኛው ትርጉም ላይ ጣታቸውን መስመር በመስመር ያስኬዳሉ። አዛውንቱ ጠበቃ አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል።

«...ይህንንም ምድጃ» አሉ እትዬ፣ «ከአራት የብረት ትሪዎቹና ረጅም እጀታ ካለው የእንጨት አካፋው ጋር፣ ዛሬ በምስክሮች ፊት አስረክቤአለሁ...»

የዳኛዋ ጣት ቆመ። ወጣቱ ጠበቃም ከመቀመጫው ተነሣ።

«ክብርት ዳኛ፣ ትሪም ሆነ አካፋ በትርጉሙ ላይ የለም! ምስክሯ ከራሳቸው እየጨመሩ ነው።»

ዳኛዋ የአማርኛው ቅጂ ለአስተርጓሚዋ እንዲሰጣት አዘዙ። ልጅቱ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ ታነብ ጀመር።

«ዘጠነኛው መስመር ላይ አለ፣ ክብርት ዳኛ» አለች። «አራት የብረት ትሪ። ረጅም እጀታ ያለው የእንጨት አካፋ። እንዳሉት ነው።»

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስምንተኛውም ዘጠነኛውም መስመር የሚያልቁት «ምድጃ» በሚለው ቃል ነው፤ ስተረጉም ዓይኔ ከአንደኛው ወደ ሌላው ዘልሎ አንድ ሙሉ መስመር አስቀርቷል። ይህ ማንኛውም ጀማሪ ጸሐፊ የሚጠነቀቅለት ስሕተት ነው፤ እኔ በሥሬ ለነበሩ ጸሐፊዎች ስንት ጊዜ አስጠንቅቄአለሁ! አሁን የችሎቱ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። እትዬም ዞሩ።

«ጌታው! ትሪዎቼን የት አደረሷቸው?»

አስተርጓሚዋ፣ መሐላዋን አክባሪ ናትና፣ ይህንንም ተረጎመችው። ዳኛዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አዛውንቱ ጠበቃ ቀስ ብለው ተነሡ። የንብረት ጠባቂውን የዕቃ ዝርዝር አውጥተው፣ አራት የብረት ትሪና አንድ የእንጨት አካፋ ከምድጃው ጋር መመዝገባቸውን አሳዩ። ከዚያ በጣም አጭር ንግግር አደረጉ። ወረቀቱ ከኪሳራው በኋላ የተፈበረከ ቢሆን ኖሮ፣ ማንበብ የማይችሉት ሴት የሚያጠኑት የቀረበውን ትርጉም በሆነ ነበር፤ እሳቸው ግን ትርጉሙ የሳተውን አረሙ። «ደግሞም» አሉ አዛውንቱ፣ «አሜሪካዊ ዳኛ ለማታለል የተነሣ ሰው በምን ምክንያት ቁጥር 1731ን ይጠቅሳል?»

«አልጨረስሁም» አሉ እትዬ፣ እንደቆሙ።

«ይቀጥሉ» አሉ ዳኛዋ።

ቀጠሉ። ቁጥር 1731ን አሉ፤ 2005ን አሉ፤ ገደቡንም አሉ። ወጣቱ ጠበቃ ለመጨረሻ ጊዜ ዕድሉን ሞከረ። «አምስት መቶው ዶላር የሚከፈለው ለየትኛው መንግሥት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«እኔ ምን አውቄ! የሚቀበለው መንግሥት ይወቀው» አሉ እትዬ። «እኔ ውሌን አላፈረስሁ።»

ይህ ሲተረጎም መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ወጣቱ ጠበቃ ነበር። ወደ ቦታው ሲመለስ በአጠገቤ ሲያልፍ «እናቴም እንዲህ ናት» አለኝ።

ዳኛዋ ውሳኔያቸውን በጽሑፍ እንደሚሰጡ ተናግረው ተነሡ። እኛም ተያይዘን ወጣን። ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ጃንጥላ የያዘ አልነበረም፤ ግድ የሰጠውም አልነበረም። ባለሱቁ እትዬን ደግፎ ደረጃውን እየወረዱ ሳለ «ወላሂ፣ እትዬ፣ የኔን ስም ከነአያቴ ነው የጠሩት! እኔ ራሴ አያቴን ረስቼው ነበር» ሲላቸው ሰማሁ። እሳቸውም «አንተ ምኑን ታስታውሳለህ፤ ሁሉን በልተኸው!» ብለው ትከሻውን መቱት።

አዛውንቱ ጠበቃ ከእኔ ጎን ወደ ኋላ ቀረት ብለው ይራመዱ ነበር። ስለሳትሁት መስመር ይቅርታ ልጠይቃቸው ጀመርሁ። አላስጨረሱኝም። «ያ መስመር ባይቀር ኖሮ ዛሬ በጥሩ ትርጉም እንሸነፍ ነበር» አሉኝ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ስድስተኛ ፎቅ መዝገብ እንድይዝላቸው ጠየቁኝ። ሁለት ነገሮችን በቅድመ ሁኔታ አቀረብሁ፤ ማንኛውንም ትርጉም ሁለተኛ ሰው እንዲያመሳክረው፣ የመኪናቸውን የኋላ ማርሽም እንዲያሠሩ። ሁለቱንም ተቀበሉ። በዚያ ቢሮ አራት ዓመት ሠርቼ፣ በእሳቸው የድጋፍ ደብዳቤ በካውንቲው፣ ማለትም በአካባቢው መስተዳድር፣ የመዝገብ ክፍል ተቀጠርሁ፤ በጡረታ የተገለልሁትም ከዚያው ነው። በሁለት መንግሥታት ሥር መዝገብ ጠብቄአለሁ ስል ይህንን ማለቴ ነው።

ውሳኔው በዘጠነኛው ቀን ደረሰን። አዛውንቱ ጠበቃ ቆመው አነበቡልን፤ እኔ ለእትዬ ተረጎምሁ፣ አስተርጓሚዋ ተማሪም በአጠገቤ ሆና ቃል በቃል አመሳከረች። ፍርድ ቤቱ ምስክርነቱን ሰምቶና ውሉን መርምሮ፣ ውሉ በተጻፈበት ቀን በቅን ልቦና የተደረገ መሆኑን ተቀብሏል፤ ምድጃው፣ ከአራት የብረት ትሪዎቹና ከእንጨት አካፋው ጋር፣ የከሳሪው ነጋዴ ንብረት አይደለም፤ ንብረት ጠባቂው በሰባት ቀን ውስጥ ለባለቤቱ ያስረክብ። ትእዛዙ በዳኛዋ ተፈርሞ በመዝገብ የገባው ሐሙስ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1987 ነው።